ትርፍ

ዴይራ፣ ጨርቅ ተራ ውስጥ፣ ከባሕሩ ክንድ ማዶ፣
ፍሪጅና ጎማ ተጭኖ ጀልባው ሲያቃስት ከብዶ፣
አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፣ ሲገቡ የሚያስጎነብስ፣
ከወለል እስከ ጣሪያ የታጨቀ በልብስ።

ባለሱቁ አብዱረሱል፣ ሰማንያን ተሻግሮ፣
ካልኩሌተሩን ትቶ፣ በጣቱ አንጓ ቆጥሮ፣
ስንቱን የመርካቶ ሰው በዱቤ እንዳሳደረ
ያውቀዋል ያ ደብተሩ፣ እየወፈረ የኖረ።

«ዱባይና ዱቤማ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
ሲወስዱ እልል፣ ሲከፍሉ ኡኡ ነው ዜማቸው»
ይላል ሸሪኬ ሙዘይን። እኔ አልሳቅሁም ያኔ፤
ሦስት ቦንዳ መጋረጃ ሞጆ ላይ ታስሯል ከነኔ።
ቀረጡ ዋጋውን በልጦ፣ ምንዛሬው አሻቅቦ፣
ዘጠኝ ሺህ ድርሃም እዳ ወገቤን ጠፍንጎ ከብቦ፣
ገባሁ።

አልተቆጣም። ሻይ አዘዘልኝ በዝምታ።
በርጩማ ላይ ወጣ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ላፍታ
ቆመና፣ ከቆጡ ላይ በሸራ የተጠቀለለ
መዝገብ አወረደ። «ይኼ ያያቴ ነው» አለ።

ገጹ የዓሣ ቅርፊት ይመስል ተሰነጣጥቆ ደርቋል፤
ሂሳቡ በማርትሬዛ ብር፣ ረድፍ ረድፉን ወድቋል።
ጣቱ ከቀኝ ወደ ግራ እየዋኘ ሲያነብልኝ፣
ያልነበርሁበት ወደብ ጫጫታው ተሰማኝ፦

«ሁለት መቶ ጣቃ አቡጀዲ፣ አሜሪካ የተሸመነ።
ተምር በሰሌን ቅርጫት፣ ኒውዮርክ ሊሄድ የተጫነ።
ሩዝ ከካራቺ፣ በዱቤ። ከማላባር ሳንቃ፣ ገመድ።
ዕንቁ በቀይ ጨርቅ ቋጠሮ፣ ቦምቤይ ለደላላው የሚሄድ።»

ለካ ሥራዬ ድሮም ነበር! ያው ሚዛን፣ ያው ጭንቅ፣ ያው ተስፋ፤
እነሱ ነፋስ ጠበቁ፣ እኔ ትራንዚት ላይ ሳንቀላፋ።

ልሳቅ ስል ጣቱ ቆመ፤ አንድ ስም ላይ ተተከለ።
«መብሩክ፣ ሐበሺ፣ ጠላቂ» አለ። ከዚያ ዝም አለ።

ከስሙ ትይዩ፦ ሩዝ። ተምር። ያፍንጫ መቆንጠጫ።
ለጆሮው ሰም። ለእግሩ ድንጋይ፣ ወደ ጥልቁ መሮጫ።
በየወቅቱ ጠልቋል፤ በየወቅቱ እዳው አድጓል፤
የሌሎቹ ስም ሲሰረዝ የሱ እንዳለ ቀርቷል።
ትንፋሹን ስንት ቆጠረ እዚያ ታች፣ ጨለማው ውስጥ?
ለትንፋሽ ዓምድ የለውም፤ ዓምዱ ለሚሸጥ፣ ለሚለወጥ።

«ሞተ ወይ?» አልሁት። «ደብተር ሞት አይጽፍም» አለ ሐጂ፣
«ቀሪ ነው የሚመዘግብ፤ ሰውማ ለፈጣሪው ነው እንጂ።»

ማን ይሆን መብሩክ ያለው? የጫነው ሰው ወይ የገዛው?
እናቱ ማን ብላ ይሆን ማታ ማታ የምትጠራው?
ከጊቤ ማዶ ነው ወይ? ከከፋ? ማን ጠይቆ?
ኋላ ዕንቁው ረከሰ፤ ገጹ ነጭ ቀረ፣ ቀለሙ ደርቆ።

ሐጂ አዲሱን ደብተር ስቦ እስክሪብቶውን አሟሸ፤
«ትርንጎ፣ ሐበሺያ» ብሎ ጻፈ። ልቤ ሸሸ።
«ዘጠኝ ሺህ። እስከ ረመዳን። ይኼን ቦንዳም ውሰጂ።»
«የኔን ቁጥር ሳታሰፍር የሱን ሰርዝልኝ፣ ሐጂ።»

ዝም። ማራገቢያው ብቻ ያጉረመርማል ካናት።
«ያያቴ እጅ ነው» አለ፣ «እጄን አላነሳበት።»
መዝገቡን ግን አልዘጋም። እስክሪብቶውን ላዩ ጥሎ
ውዱእ ሊያደርግ ወጣ፣ «ሱቁን ጠብቂልኝ» ብሎ።

እኔ ምን እንዳደረግሁ
እስክሪብቶው ይንገራችሁ።

ሌሊት፣ ኤርፖርት። ሻንጣዬን ሚዛን ላይ ጣልሁት በግድ፤
ቁጥሩን አየች ያገሬ ልጅ፤ አታዝን፣ አትፈርድ፣
«እህቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣
«ሁለት ኪሎ ትርፍ አለሽ።»

«ትርፍ?» አልኋት።
ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ብቻዬን ስስቅ።